ሁለቱንም ካልሲ በአንድ መርፌ፦ ከአንገቱ እስከ ጣቱ

ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ስለ እግር ብርድ ማስረዳት አያስፈልግም። እኔም ሹራብ መሥራት እንደቻልኩ የመጀመሪያ ሐሳቤ ለአባቴ ካልሲ መሥራት ነበር። አንዱን ከገና በፊት ጨረስኩ። ሁለተኛውን ዛሬ ነገ ስል ፋሲካ ደረሰ። ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው አንድ ጣት ያጥር ነበር። በመሃል እጄ ጠብቋል፤ ስንት ዙር እንደሠራሁም አልጻፍኩም። አባቴ ምንም አላሉም፤ እያደረጉት ከረሙ። እኔ ግን ቁጭ ባሉ ቁጥር የማየው እግራቸውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካልሲ አንድ በአንድ ሠርቼ አላውቅም። ሁለቱም ጎን ለጎን በአንድ መርፌ ላይ ይጀመራሉ፤ አብረው ያድጋሉ፤ አብረው ያልቃሉ። እጃችሁ ከጠበቀ በሁለቱም ላይ ይጠብቃል። ዙር ቆጥራችሁ ብትሳሳቱ እንኳ ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። በሕይወታችሁ አንድም ካልሲ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ መጀመሪያ በወፍራም ክር አንድ ትንሽ የልጅ ካልሲ ብቻውን ሥሩ። ተረከዙ እንዴት እንደሚታጠፍ እጃችሁ አንዴ ካወቀው ይህ መመሪያ ግማሽ ያህል ይቀላችኋል።

ቃላት እንስማማ

መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዐይን» እላታለሁ። ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ገብቶ የሚሠራው «ቀጥታ» ነው። ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከቀኝ ወደ ግራ በፊት በኩል ሲገባ ደግሞ «ግልብጥ» ይሆናል። «ማሳለፍ» ማለት ዐይኗን ሳይሠሩ ከግራው ወደ ቀኙ መርፌ ማዛወር ነው።

ቅነሳ ሁለት ዓይነት አለ። «የቀኝ ቅነሳ» ሁለት ዐይን አንድ ላይ ቀጥታ መሥራት ነው፤ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ለ«ግራ ቅነሳ» ሁለት ዐይኖችን ቀጥታ እንደምትሠሩ አድርጋችሁ አንድ በአንድ ታሳልፋላችሁ። ከዚያ የግራውን መርፌ በፊት በኩል አስገብታችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ትሠራላችሁ። ይህ ወደ ግራ ያጋድላል።

ዕቃው

ክብ መርፌ ያስፈልጋችኋል፤ ማለትም ሁለት ጫፎቹ በገመድ የተያያዙ። ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሴንቲሜትር ይሁን። 80 ሴንቲሜትሩ ለአንድ ካልሲ ይበቃል፤ ለሁለት ግን ይጠባል፤ በየዙሩም ያታግላል። ከመርፌው በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ገመዱን ነው። ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠፍ መሆን አለበት። ተጠቅልሎ የደረቀ ከሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ንከሩትና ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ይላላል።

ለካልሲ ተብሎ የሚሸጠው ክር አብዛኛውን ጊዜ 75 በመቶ ሱፍና 25 በመቶ ናይለን ነው። 100 ግራሙ 400 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለአንድ ጥንድ የሴት ካልሲም ይበቃል። ናይለኑ ተረከዙ ቶሎ እንዳይበሳ ያደርጋል። አገር ቤት በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ ነው። በእሱም ይሠራል፤ ርካሽ ነው፣ ለልምምድም ጥሩ ነው። ነገር ግን ላብ ስለማይመጥ ቀኑን ሙሉ ለሚጫማ እግር አልመርጠውም፤ ለማታ፣ ለቤት ይሁን። የመንዝ በግ ጠጉር አገራችን ውስጥ በርኖስና ዝተት የሚሠራበት ነው። ብርድ በመከላከል የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ግን ሻካራ ስለሆነ ባዶ እግር ላይ ይኮሰኩሳል።

ክሩ ሁለት ልቃቂት መሆን አለበት። የገዛችሁት አንድ ትልቅ ልቃቂት ከሆነ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘናችሁ ለሁለት እኩል ጠቅልሉት። አንዱን ጫፍ ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ስቦ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ከግማሽ በኋላ ክሩን ስትፈቱ ታመሻላችሁ። ክሩ ቀለሙን የሚቀያይር ከሆነ ሁለቱንም ልቃቂት ከአንድ ዓይነት ቀለም ላይ ጀምሩ።

ሌላው ቀላል ነው፦ ሜትር፣ አንድ መርፌ ቁልፍ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ የስፌት መርፌ፣ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር።

ልኩ

የእግሩን ዙሪያ ከጣቶቹ ሥር፣ ሰፊው ቦታ ላይ ለኩ። 22 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ካልሲ እግሩን አቅፎ መያዝ ስላለበት አሥር በመቶ ይቀነሳል፤ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል።

ከዚያ ናሙና ሥሩና 10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ቁጠሩ። ናሙናው እንደ ካልሲው በዙር ይሠራ፤ ወዲያና ወዲህ ስትሠሩ እጃችሁ ሌላ ነው። በእኔ እጅ 32 ዐይን ይወጣል። አንድ ሴንቲሜትር 3.2 ዐይን ከሆነ 20 ሴንቲሜትር 64 ዐይን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በ64 ይሄዳል። የእናንተ ቁጥር ሌላ ከሆነ ለ4 ወደሚካፈለው ቅርብ ቁጥር አምጡት።

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉት። ለቸኮለ ሰው አሰልቺ ነው፤ ግን ሁለት ካልሲ አብሮ ሲሠራ የልክ ስሕተትም ሁለት ይሆናል።

አጀማመሩ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ካልሲ ከመጀመሪያዋ ዐይን አንስቶ በአንዴ መርፌው ላይ ለማውጣት ሲሞክር ዐይኖቹ ይጠማዘዛሉ፣ ክሮቹ ይጠላለፋሉ። እኔ ሁልጊዜ የእያንዳንዱን አንገት የመጀመሪያ አራት ዙር ለየብቻ ሠርቼ ነው የማገናኛቸው።

በአንደኛው ልቃቂት 64 ዐይን አውጡ። ላላ አድርጉት፤ ከጠበቀ ካልሲው በተረከዝ አያልፍም። ዐይኖቹን ወደ ገመዱ ገፍታችሁ 32ኛዋ ላይ ገመዱን በመሃል ሳቡት፤ በግራ በኩል እንደ ቀለበት ይወጣል። አሁን 32 ከፊት፣ 32 ከኋላ ሆነው ሁለቱም የመርፌ ጫፎች ወደ ቀኝ ያያሉ። የዐይኖቹ ሥር በሙሉ ወደ ታች መሆኑን ተመልከቱ፤ አንድ ቦታ ከተጠማዘዘ ኋላ መድኃኒት የለውም።

የኋላውን ጫፍ ወደ ቀኝ ስባችሁ አውጡት፤ የኋላ ዐይኖች ገመዱ ላይ ይተኛሉ። በዚያው ጫፍ የፊቶቹን 32 ሥሩ፦ ሁለት ቀጥታ፣ ሁለት ግልብጥ እያላችሁ። ስትጨርሱ ሥራውን አዙሩ። ተኝተው የነበሩትን ወደ ጫፉ ግፉ፣ ሌላውን ጫፍ ሳቡ፣ ቀጥሉ። ሹራብ ሠሪዎች ማጂክ ሉፕ የሚሉት ይህንኑ ነው። ዘዴው የሣራ ሃውሽካ የተባለች አሜሪካዊት ሲሆን በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሞ ከወጣ ወዲህ በየአገሩ ተሰራጭቷል።

አራት ዙር ሲሞላ ዐይኖቹን በስፌት መርፌ ቁራጩ ክር ላይ አሳልፉና አስቀምጡት። የሥራውን ክር አትቁረጡ። ሁለተኛውንም ልክ እንዲሁ ሥሩ።

ማገናኘት

ሁለቱን አንገቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሥራው ክር በሁለቱም ላይ በስተቀኝ፣ ከኋላው ግማሽ ጫፍ ይውጣ። በቀኝ ባለው ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጉበት። ከአሁን በኋላ እሱ «ባለ ቁልፉ» ነው፤ ሌላው «ባዶው»።

አንዱን የመርፌ ጫፍ ከግራ አስገቡ፦ መጀመሪያ በባዶው የፊት 32 ዐይኖች፣ ቀጥሎ በባለ ቁልፉ የፊት 32። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከግራ ተነሥታችሁ በባዶው የኋላ 32፣ ከዚያ በባለ ቁልፉ የኋላ 32 እለፉ። ሁለቱም ጫፎች በስተቀኝ ይወጣሉ፤ ገመዱ በስተግራ ይታጠፋል። ቁራጩን ክር ምዘዙት።

አንድ ዙር እንዲህ ይሄዳል፦

1. የባለ ቁልፉን የፊት ግማሽ በራሱ ክር ሥሩ። ክሩን ልቀቁ።
2. የባዶውን ክር አንሡና የፊት ግማሹን ሥሩ።
3. ሥራውን አዙሩ። አሁን ቀድሞ የሚመጣው ባዶው ነው። የኋላ ግማሹን ሥሩ፤ ክሩን ልቀቁ።
4. የባለ ቁልፉን ክር አንሡና የኋላ ግማሹን ሥሩ። ዙሩ አለቀ። አዙሩ።

አንዱን ልቃቂት በቀኛችሁ፣ ሌላውን በግራችሁ በየራሱ ሳህን አኑሩ። ሥራውን መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዞራችሁ ቀጥሎ ወደ መጣችሁበት መልሱት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የምታዞሩ ከሆነ ክሮቹ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በባለ ቁልፉ ክር ባዶውን ከሠራችሁ ሁለቱ ካልሲዎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ስለዚህ አዲስ ግማሽ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ሳብ አድርጉና ከየትኛው እንደሚመጣ እዩ። ሌላው፣ ስልክ ሲጠራ በዙር መሃል አትነሡ። ስትመለሱ የትኛው ግማሽ እንደቀረ አታውቁትም፤ አንዱ ካልሲ ግማሽ ዙር ይቀድማል።

ግማሾቹ በሚገናኙበት ቦታ ዐይኖቹ ላልተው መሰላል የሚመስል መስመር ይወጣል። የእያንዳንዱን ግማሽ ሁለተኛ ዐይን ከሠራችሁ በኋላ ክሩን ጠበቅ አድርጉ። ከመጀመሪያዋ ይልቅ ሁለተኛዋ ላይ መሳቡ ነው የሚይዘው።

ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጡ 20 ዙር ያህል ይቀጥል፤ ካልሲው እንዳይወርድ የሚይዘው ይህ ነው። ከዚያ ሁሉንም በቀጥታ ሥሩ፤ ከላይ ጀምሮ 15 ሴንቲሜትር እስኪሆን። እዚህ ላይ እጅ ብቻውን ይሄዳል፤ ቡና እየተፈላ፣ ወሬ እየተወራ የሚሠራ ነው።

ተረከዙ

አሁን ወሬው ይቁም። የተረከዙ ሥራ የሚያልፈው በኋላው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ የፊቶቹ ግማሾች ገመዱ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ። የሁለቱንም የፊት ግማሽ ሥሩና አዙሩ። ከዚህ በኋላ በዙር ሳይሆን ወዲያና ወዲህ ትሠራላችሁ።

መጀመሪያ የተረከዙ ግድግዳ። ከውጭ ፊት፦ አንድ አሳልፉ፣ አንድ ቀጥታ፤ ይህን እየደጋገማችሁ የባዶውን 32 ጨርሱ። ክር ቀይሩና የባለ ቁልፉንም እንዲሁ። አዙሩ። ከውስጥ ፊት፦ የመጀመሪያዋን አሳልፉ፣ ሌላውን ሁሉ ግልብጥ፤ አሁን ባለ ቁልፉ ይቀድማል፣ ባዶው ይከተላል። በእያንዳንዱ ላይ 32 ረድፍ እስኪሞላ ቀጥሉ። የሚተላለፉት ዐይኖች ግድግዳውን ያወፍሩታል፤ ጫማ የሚበላው ይህን ቦታ ነው። በጠርዙም በኩል 16 ሰፋፊ ዐይኖች እንደ ሰንሰለት ይደረደራሉ። ቆይተው ይፈለጋሉ።

ቀጥሎ ተረከዙን ማጠፍ። ይህን ብቻ ለየብቻ ሥሩ፦ ባዶውን ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ባለ ቁልፉን። ረድፎቹ በመሃል ስለሚዞሩ አብረው አይሄዱም።

1. ከውጭ ፊት፦ አንድ አሳልፉ፣ 16 ቀጥታ፣ አንድ የግራ ቅነሳ፣ 1 ቀጥታ። 12 ዐይን ሳይሠራ ይቀራል። ተዉትና አዙሩ።
2. ከውስጥ ፊት፦ አንድ አሳልፉ፣ 3 ግልብጥ፣ ሁለት ዐይን አንድ ላይ ግልብጥ፣ 1 ግልብጥ። እዚህም 12 ይቀራል። አዙሩ።
3. ከውጭ ፊት፦ አንድ አሳልፉ። በተሠራውና ባልተሠራው መካከል ክፍተት ይታያችኋል። ከክፍተቱ በፊት አንድ ዐይን እስኪቀር በቀጥታ ሂዱ። ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለቱን በግራ ቅነሳ አገናኙ። 1 ቀጥታ፣ አዙሩ።
4. ከውስጥ ፊት፦ ያንኑ በግልብጥ። ክፍተቱን ሁለቱን አንድ ላይ ግልብጥ በማድረግ ዝጉ፣ 1 ግልብጥ፣ አዙሩ።

ሦስተኛውንና አራተኛውን እየደጋገማችሁ በሁለቱም በኩል የተተዉት ዐይኖች እስኪያልቁ ሂዱ። በጠቅላላው 14 ረድፍ ይሆናል፤ 18 ዐይንም ይቀራል። 18 ካልሆነ አትለፉ፤ ፈታችሁ ቁጠሩ። ጨርቁ በእጃችሁ ላይ እንደ ጽዋ ጎድጎድ ሲል ታዩታላችሁ። ስንት ጥንድ ከሠራሁም በኋላ ይህቺን ቅጽበት እወዳታለሁ።

አሁን ወደ ዙር እንመለስ። የባዶው ተረከዝ እንዳለቀ በውጭ ፊት 18ቱን በቀጥታ ሥሩ። በዚያው ክር ከግድግዳው የግራ ጠርዝ ሰንሰለት 16 ዐይን አንሡ፤ ጥጉ ላይ አንድ ጨምሩ፣ 17። የጥጓ ዐይን ቀዳዳ እንዳይቀር ትከላከላለች። ከዚያ የባለ ቁልፉን ተረከዝ አጥፋችሁ ለእሱም እንዲሁ አድርጉ። አዙሩ። የፊት ግማሾቹን ሥሩ፦ ባለ ቁልፉ፣ ባዶው። አዙሩ። የባዶውን የቀኝ ጠርዝ ከጥጉ ጀምራችሁ 17 ዐይን አንሡና እስከ ግማሹ መጨረሻ በቀጥታ ሂዱ። የባለ ቁልፉንም ድገሙ።

እያንዳንዱ ካልሲ አሁን 84 ዐይን አለው፦ 32 ከላይ፣ 52 ከሥር። ወደ 64 መመለስ አለበት። በአንዱ ዙር የፊቱን እንዳለ ሠርታችሁ በውስጥ እግሩ በኩል 1 ቀጥታ፣ የግራ ቅነሳ፣ ሦስት እስኪቀር ቀጥታ፣ የቀኝ ቅነሳ፣ 1 ቀጥታ። ቀጣዩ ዙር ያለ ቅነሳ። ይህ አሥር ጊዜ ይደገማል፤ ማለትም 20 ዙር።

እግሩና ጣቱ

እዚህ የሚያሳስብ ነገር የለም። ከተረከዙ ኋላ እየለካችሁ፣ ከእግሩ ርዝመት 5 ሴንቲሜትር እስኪጎድል በቀጥታ ሥሩ። እግሩ 24 ከሆነ 19 ላይ ቁሙ። ባለቤቱ አጠገባችሁ ካለ መርፌውን ሳታወጡ አስለኩት፤ ገመዱ ረጅም ስለሆነ ይገባል።

ለጣቱ በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም፣ 1 ቀጥታ፣ የግራ ቅነሳ፣ ሦስት እስኪቀር ቀጥታ፣ የቀኝ ቅነሳ፣ 1 ቀጥታ። ቀጣዩ ዙር ያለ ቅነሳ። ስምንት ጊዜ ስትደግሙት 32 ዐይን ይቀራል። ከዚያ አራት ዙር በተከታታይ ቀንሱ። 8 ከፊት፣ 8 ከኋላ ይቀራል።

መዝጊያው ስፌት ነው። በእንግሊዝኛው ዓለም በሎርድ ኪችነር ስም ይጠራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር የነበረው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ለወታደር ካልሲ የማይሠራ ቤት ጥቂት ነበር፤ ጣት ላይ የሚወጣ እብጠት ደግሞ ረጅም መንገድ የሚሄድን እግር ይልጣል። ይህ ስፌት እብጠት የለውም።

ክሩን 30 ሴንቲሜትር ትታችሁ ቁረጡና በስፌት መርፌ ክተቱት። ከባለ ቁልፉ ጀምሩ፤ ለጫፉ ቅርብ እሱ ነው። ለዝግጅት በፊቷ የመጀመሪያ ዐይን እንደ ግልብጥ እለፉ፣ በኋላዋ እንደ ቀጥታ። ሁለቱም መርፌው ላይ ይቆዩ። ከዚያ ይህን ደጋግሙ፦

ከፊት፦ እንደ ቀጥታ ገብታችሁ ዐይኗን አውርዱ፤ በቀጣይዋ እንደ ግልብጥ ገብታችሁ ተዉአት።
ከኋላ፦ እንደ ግልብጥ ገብታችሁ አውርዱ፤ በቀጣይዋ እንደ ቀጥታ ገብታችሁ ተዉአት።

በየሁለት ሦስት ዐይኑ ክሩን አስተካክሉ፤ ከሌላው ጨርቅ ጋር እኩል ይላላ እንጂ አይጥበቅ። ይህን ስትሰፉ ማንም አያናግራችሁ። በመሃል ከተቋረጠ ከየትኛው እንደቀረ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ሲያልቅ ባዶውን ወደ ጫፉ ግፉና እሱንም ዝጉ።

የክር ጫፎቹን በውስጥ በኩል አስገብታችሁ ደብቁ፤ አትቋጥሩ፣ ቋጠሮ እግር ይጎዳል። መርፌ ቁልፉን አውጡ። ለብ ባለ ውሃ በጥቂት ሳሙና እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጨምቁ፣ ጥላ ላይ አንጥፋችሁ አድርቁ። ሱፍ ከሆነ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ዐይኖቹ ይስተካከላሉ። አክሪሊክ ከሆነ ግን ካውያ አይንካው።